ማኅበርን ወክሎ ጅማ ላይ ችሎት መቆም፦ ለሥራ አስኪያጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ መርካቶ ውስጥ የአከፋፋይ ድርጅት፣ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ የቡና ማጠቢያ፣ ወይም ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ የሥራ ተቋራጭ ማኅበር የሚመራ ሰው አንድ ቀን ፍርድ ቤት መቆሙ አይቀርም። በዱቤ የወሰደ ደንበኛ አልከፍልም ይላል፣ የተሰናበተ ሠራተኛ ይከሳል፣ የጭነት ውል ይፈርሳል። ያን ቀን ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ገንዘቡ አይደለም። «እርስዎ ማን ነዎት? ማኅበሩን ለመወከልዎ ምን ማስረጃ ይዘዋል?» ነው የሚሉት።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ጉዳዩን አብጠርጥሮ ቢያውቅም አይጠቅመውም። ሥልጣን የሌለው ሰው በቀረበበት ቀጠሮ ማኅበሩ እንዳልቀረበ ሊቆጠርበት ይችላል። ብዙ ጥሩ ጉዳይ የሚበላሸው በክርክሩ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

1. በመጀመሪያ ማኅበር መሆኑን ያረጋግጡ

በር ላይ «ድርጅት» የሚል ታፔላ የተሰቀለ ሁሉ ማኅበር አይደለም። በግለሰብ ስም የንግድ ፈቃድ ወጥቶ በንግድ ስም የሚሠራ ሱቅ ከባለቤቱ የተለየ የሕግ ሰውነት የለውም፤ ከሳሹም ተከሳሹም ባለ ፈቃዱ ግለሰብ ነው። የእሽሙር ማኅበርም (ሳይመዘገብ በአባላቱ ውል ብቻ የሚሠራ ሽርክና) እንደዚሁ የሕግ ሰውነት ስለሌለው በራሱ ስም መክሰስ አይችልም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና አክሲዮን ማኅበር ግን ከባለቤቶቻቸው የተለዩ ሰዎች ናቸው። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የገባው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ቢሆን፣ አባሉ አንድ ሰው ስለሆነ ብቻ ማኅበሩና ሰውዬው አንድ አይሆኑም።

ቀጥሎ የማኅበሩ አፍ ማን እንደሆነ ይለዩ። በግል ማኅበር ሥራ አስኪያጁ ነው። በአክሲዮን ማኅበር አመራሩ የዳይሬክተሮች ቦርድ ቢሆንም፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠራውና ችሎት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው። አንድ የቦርድ አባል፣ ሰብሳቢው ሳይቀር፣ ወንበሩን ብቻ ይዞ «ማኅበሩን ወክያለሁ» ሊል አይችልም፤ በመመሥረቻ ጽሑፉ የተሰጠ ሥልጣን ወይም የቦርድ ውሳኔ ያስፈልገዋል። ባለ አክሲዮን ደግሞ ድርሻው ግማሽም ቢሆን በአክሲዮኑ ብቻ ማኅበሩን አይወክልም። «እኔ ነኝ ባለቤቱ» የሚለው አነጋገር ገበያ ውስጥ ይሠራ ይሆናል፣ ችሎት ውስጥ ግን አይሠራም።

ሥራ አስኪያጆቹ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ መመሥረቻ ጽሑፉን አውጥተው ያንብቡ። «በጋራ» የሚል ቃል ካለ አንዱ ብቻውን የፈረመው ክስ ወይም ውክልና መቃወሚያ ሊነሳበት ይችላል። «በተናጠል» ካለ ችግር የለም። ምንም ካላለ ክሱን ሁለቱም ቢፈርሙበት ይሻላል፤ አንድ ተጨማሪ ፊርማ የአንድ ቀጠሮ ክርክር ያስቀራል።

2. ወረቀቱን ከእውነታው ጋር ያስታርቁ

ወደ መዝገብ ቤት ከመሄድዎ በፊት አንድ አቃፊ ያዘጋጁ። በውስጡ የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ከነማሻሻያዎቹ፣ ሥራ አስኪያጁ የተሾመበት ቃለ ጉባኤ፣ የታደሰ የንግድ ሥራ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የራስዎ መታወቂያ ይኑር። ዋናውንም ኮፒውንም ይያዙ። ፍርድ ቤት የሚቀረው ኮፒው ነው፣ ዋናው ለማመሳከሪያ ይጠየቃል።

ከዚያ ሦስት ነገሮችን ያመሳክሩ።

አንደኛው የማኅበሩ ስም ነው። በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ «አስመጪና ላኪ» የሚል ቃል ኖሮ በንግድ ፈቃዱ ላይ ከሌለ፣ ወይም በውሉ ላይ የማኅበሩ የቀድሞ ስም ካለ፣ ተከራካሪው «ውሉን የተዋዋለው ሌላ ሰው ነው» ብሎ ይነሳል። ስሙ የተለወጠበትን የጸደቀ ማሻሻያ አብሮ ማያያዝ ይህን አፍ ያዘጋል።

ሁለተኛው የሥራ አስኪያጁ ስም ነው። የንግድ ምዝገባው ላይ የሚነበበው ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ያለው ነው ወይ? አባላት ተሰብስበው አዲስ ሰው ሾመው፣ ቃለ ጉባኤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሳያጸድቁና ሳያስመዘግቡ ወራት የሚያልፉባቸው ማኅበራት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ቃለ ጉባኤው ሰነድ በሚያረጋግጠው አካል (ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» የሚለው) ይጽደቅ፤ ከዚያ ማኅበሩን በመዘገበው የንግድ መሥሪያ ቤት ለውጡ ይመዝገብ። ክስ ከመጣ በኋላ ይህን ለማሟላት ሲሮጥ ቀጠሮው ይቀድማል፣ በተለይ ምዝገባው አዲስ አበባ ሆኖ ጉዳዩ ጅማ ላይ ሲሆን።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የአዲስ አበባ ማኅበራት መመሥረቻ ጽሑፍና ውል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ኩባንያዎች ሰነድ ጭራሽ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ለክሱ የሚያስፈልጉትን ገጾች ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉመው ከዋናው ጋር ያያይዙ። መዝገብ ቤቱ ምን ያህሉ እንዲተረጎም እንደሚፈልግ አስቀድሞ ሬጅስትራሩን መጠየቅ ነው፤ ሠላሳ ገጽ መመሥረቻ ጽሑፍ ሙሉውን ማስተርጎም ብዙ ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው፣ የሚፈለገው ስለ ሥራ አስኪያጁ ሥልጣን የሚናገረው አንቀጽ ነውና። ሥራ አስኪያጁ ቋንቋውን የማይችል ከሆነ ለቃል ክርክሩ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልገው ገና ከመጀመሪያው ያሳውቅ።

3. ማን ይቁም? ራስዎ፣ ነገረ ፈጅ፣ ጠበቃ ወይስ የቅርንጫፍ ኃላፊ

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 57 ባለጉዳይ ራሱ፣ በወኪሉ ወይም በጠበቃው እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱ ካዘዘ ደግሞ ራሱ መቅረብ አለበት። ሥራ አስኪያጅ ሲቀርብ የቀረበው ማኅበሩ ራሱ ነው። የጥብቅና ፈቃድ አይጠየቅም፣ ሕግ መማርም ግዴታ አይደለም። የሽያጭ ዕዳ ለማስከፈል፣ ደረሰኙና የርክክብ ሰነዱ በእጅ ካለ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መቆም ይችላል። የመሬት ይዞታ፣ የግንባታ ውል ወይም የኢንሹራንስ ክርክር ከሆነ ግን ጠበቃ መያዝ ይሻላል፤ እዚያ ላይ በመቃወሚያና በባለሙያ ማስረጃ የሚጠፋው ገንዘብ ከጠበቃ አበል ይበልጣል።

የማኅበሩ ተቀጣሪ የሆነ ነገረ ፈጅ አሠሪውን ወክሎ ይከራከራል፤ የሚያስፈልገው የተረጋገጠ ውክልናና የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ነው። የውጭ ጠበቃ ሲቀጠር አንድ ጥያቄ አይዘለል፦ ፈቃዱ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ያስችለዋል ወይ? የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል፣ ክልሉ ደግሞ የራሱ የፈቃድ ሥርዓት አለው። የአዲስ አበባ ጠበቃን ወደ 350 ኪሎ ሜትር አስጉዞ ችሎት በር ላይ ይህን ማወቅ ያሳዝናል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የውክልናው አጻጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ ይናገራል። ቁጥር 2205 ደግሞ ልዩ ውክልና የሚጠይቁትን ይዘረዝራል፤ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት እዚያ ውስጥ ናቸው፤ መታረቅና ጉዳይን ለግልግል ዳኝነት መስጠትም እንዲሁ። ስለዚህ «ማኅበሩን ወክሎ ማንኛውንም ሥራ እንዲሠራ» የሚል ውክልና ሰፊ ይመስላል እንጂ ችሎት ላይ ባዶ ነው። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ይዘውት የሚመጡት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው፦ ቼክ እንዲፈርሙ፣ ሠራተኛ እንዲቀጥሩ፣ ከባንክ ጋር እንዲሠሩ የሚፈቅድ፣ ስለ ክስ ግን አንድ ቃል የሌለበት።

ውክልናው ቢያንስ እንዲህ ይበል፦ «ማኅበሩን በመወከል በማንኛውም ደረጃ በሚገኝ ፍርድ ቤት ክስ እንዲያቀርብ፣ በማኅበሩ ላይ ለሚቀርብ ክስ መልስ እንዲሰጥ፣ መቃወሚያ እንዲያነሳ፣ የጽሑፍና የሰው ማስረጃ እንዲያቀርብ፣ ይግባኝና የሰበር አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ ፍርድ እንዲያስፈጽም»።

ሦስት ሥልጣኖችን ግን በልማድ አይጨምሯቸው፤ አስበው ብቻ ይስጡ። እርቅ የመፈጸም ሥልጣን ከተሰጠ የገንዘብ ጣሪያ ይቀመጥለት። በፍርድ የተገኘ ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን «በማኅበሩ ስም በሚዘጋጅ ቼክ ወይም በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ» ተብሎ ይገደብ። ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን ለቅርንጫፍ ኃላፊው ያስፈልገዋል፣ ያለበለዚያ ጅማ ላይ ጠበቃ መያዝ አይችልምና፤ ለጠበቃ ግን ሲሰጥ ማኅበሩ የማያውቀው ሰው ችሎት ሊቆም እንደሚችል ይወቁት።

ውክልና ሰጪው ማኅበሩ እንጂ ሥራ አስኪያጁ በግሉ አይደለም። «እኔ አቶ እገሌ ወክያለሁ» ተብሎ የማኅበሩ ስም ሳይጠቀስ የተጻፈ ውክልና የግለሰቡን ጉዳይ እንጂ የማኅበሩን አያስከራክርም። በትክክል የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የሰጠው ማኅበሩ ስለሆነ፣ የፈረመው ሥራ አስኪያጅ በመለወጡ ብቻ አይፈርስም። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ካልፈለገው በጽሑፍ ይሻረው፤ ሽረቱንም ጉዳዩ ለተያዘባቸው ችሎቶች በሙሉ ያሳውቅ።

4. ክሱን መጻፍና መዝገብ መክፈት

የክሱ ራስጌ ላይ «ከሳሽ» ከሚለው ፊት የሚጻፈው የማኅበሩ ሙሉ ስምና አድራሻ ነው። የሥራ አስኪያጁ ስም «ወኪል» ወይም «ሥራ አስኪያጅ» በሚል ከሥር ይገባል። ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉ ጸሐፊዎች ዘንድ የሥራ አስኪያጁን ስም ከሳሽ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከመፈረምዎ በፊት ራስጌውን ያንብቡ። በዚያ አጻጻፍ የቀረበ ክስ፣ በገንዘቡ ላይ መብት ያለው ማኅበሩ ስለሆነ፣ «ከሳሹ መብትና ጥቅም የለውም» ተብሎ ይወድቃል። እንደገና እስኪከሰስ የይርጋው ጊዜ (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ይቆጥራል። የውል ጠቅላላ ይርጋ 10 ዓመት ቢሆንም አጫጭር ይርጋ ያላቸው ጉዳዮች አሉ።

የክሱ ይዘት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222፣ የማስረጃ ዝርዝሩ በቁጥር 223 ይመራል (ከዚህ በኋላ «ቁጥር» ብቻ ሲባል የዚሁ ሕግ ነው)። በመጨረሻው መስመር በቁጥር 92 መሠረት የክሱን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ቃል ይጻፋል፤ ፈራሚው ስሙን፣ ኃላፊነቱን አስፍሮ ይፈርማል፣ የማኅበሩ ማኅተም ያርፍበታል። የሥልጣን ማስረጃውን (የንግድ ምዝገባውን ወይም ውክልናውን) የመጀመሪያው አባሪ አድርጉት። ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ፣ ለራስ አንድ ኮፒ ይዘጋጅ።

የት ይከሰስ ለሚለው፣ በጅማ እንደ ጉዳዩ ዓይነትና የገንዘብ መጠን የከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት ወይም የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ ያያል። ክሱን ሲያቀርቡ ጉዳዩ ለክልሉ ፍርድ ቤት በተሰጠው የፌዴራል ውክልና ሥልጣን የሚታይ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ የይግባኙ መንገድ ከዚህ ይለያያልና።

5. መጥሪያ ሲመጣ

ከሳሽ ሆኖ መሳሳት መዝገብ ያዘጋል። ተከሳሽ ሆኖ መሳሳት ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል።

ማኅበር በዋና መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ቅርንጫፉ ባለበትም ሊከሰስ ስለሚችል፣ መጥሪያው ጅማ ያለው ቢሮ ይደርሳል። የሚቀበለው ጸሐፊዋ፣ ገንዘብ ያዡ ወይም መጋዘን ጠባቂው ይሆናል። ፈርሞ ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል፤ ኃላፊው የቡና ግዢ ወቅት ስለሆነ ሊሙ ወይም ጎማ ወርዷል፤ አዲስ አበባ የሚሰማው ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነው። ተከሳሽ ካልቀረበ በቁጥር 70 መሠረት ጉዳዩ በሌለበት ይታያል።

መድኃኒቱ ቀላል የቢሮ ሥርዓት ነው። መጥሪያ የተቀበለ ሠራተኛ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍበት፣ በዚያው ዕለት ከነአባሪው ፎቶ አንስቶ ለሥራ አስኪያጁና ለነገረ ፈጁ ይላክ። ሥራ አስኪያጁ መጥሪያው ላይ ሁለት ቀኖችን ይፈልግ፦ መልስ የሚቀርብበትንና ክርክር የሚሰማበትን። ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ፤ «ቀጠሮው ገና ነው» ብሎ የመልስ ቀን ማሳለፍ የተለመደ ነው።

መጥሪያው በትክክል ሳይደርስ ወይም በቂ በሆነ እክል ምክንያት በሌለበት ፍርድ ከተሰጠ፣ በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱ መሰጠቱን ካወቁበት ቀን አንስቶ በ1 ወር ውስጥ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ቃለ መሐላ አብሮ ይቀርባል። «የቅርንጫፉ ሠራተኛ ሳይነግረኝ ቀረ» የሚለው ግን የውስጥ ችግር ነውና ብዙ አያስኬድም። ከሳሽ ሆነው ቀርተው ክሱ ከተሰረዘም በቁጥር 74 የሚሰጠው ጊዜ ያው 1 ወር ነው።

የሠራተኛ ክርክር ለብቻው ይታሰብ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚታዩ ክሶች በፍጥነት እንዲያልቁ ስለሚጠበቅ የቀጠሮ መራዘም እንደሌላው አይገኝም። የሰው ኃይል ኃላፊው የግል ማኅደሩን ስለያዘ ብቻ ይላካል፤ ውክልና ግን የለውም። ማኅደሩም ውክልናውም አብረው ይሂዱ።

6. ችሎት ፊት

ቀደም ብለው ይድረሱና ችሎቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ተራውን ለችሎቱ ሠራተኛ ያረጋግጡ። ስምዎ ሳይሆን የማኅበሩ ስም ነው የሚጠራው፤ የራሱን ስም እየጠበቀ ሲጠራ ያልተነሳ አለ። ሲጠየቁ «የከሳሽ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነኝ፣ የንግድ ምዝገባው ከክሱ ጋር ተያይዟል» ማለት ይበቃል።

ተከራካሪው በቁጥር 244 መሠረት «የቀረበው ሰው ሥልጣን የለውም» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል። መልሱ ረጅም ንግግር ሳይሆን ወረቀት ነው። ከውስጥ ደንብ የሚመነጭ መቃወሚያም ይመጣል፤ ለምሳሌ «መመሥረቻ ጽሑፉ ያለ አባላት ፈቃድ አይከስም ይላል» የሚል። በሥራ አስኪያጅ ሥልጣን ላይ የሚደረግ የውስጥ ገደብ በመርህ ደረጃ ማኅበሩ ሦስተኛ ወገንን የሚመልስበት አይደለም፣ ሦስተኛ ወገን ሊጠቀምበት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ግን ያከራክራል። ደንቡ እንደዚያ የሚል ከሆነ ቃለ ጉባኤውን አስቀድሞ ማያያዝ ከክርክሩ ይቀላል።

ዳኛው በቁጥር 241 መሠረት በቃል ሲመረምሩ የሚሰጡት መልስ የማኅበሩ መልስ ነው። «ገንዘቡን በከፊል እንደምንከፍል ተነጋግረን ነበር» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ እምነት ተመዝግባ በቁጥር 242 በታመነው ልክ ፍርድ ልታሰጥ ትችላለች። የማያውቁትን ነገር «ከማኅበሩ መዝገብ አጣርቼ እቀርባለሁ» ይበሉ። የጅማ ነጋዴ ሽማግሌ ፊት በሚያወራበት ልማድ ሁሉን ነገር ዘርግቶ ማውራት ችሎት ላይ ይጎዳል።

7. ሥራ አስኪያጁ መቆም የሌለበት ጊዜ

ማኅበሩ ራሱን ሥራ አስኪያጁን ሲከስ፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ማኅበሩን ሲከስ፣ በሁለት ወንበር መቀመጥ የለም። አባላቱ ወይም ቦርዱ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሌላ ወኪል የሚሰይሙበት ቃለ ጉባኤ ይያዝና ይጽደቅ። ሥራ አስኪያጁ የታገደ ወይም የተሻረ ከሆነም እንዲሁ፤ የንግድ ምዝገባው ላይ ስሙ እስካልተነሳ ድረስ ግን ከውጭ ሲታይ ገና ሥራ አስኪያጅ ስለሚመስል ሽረቱን ለችሎቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ቀዳሚው ሥራ ነው።

ማኅበሩ ከፈረሰና በሒሳብ ማጣራት ላይ ካለ ወኪሉ ሒሳብ አጣሪው ነው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የፈረመው አቤቱታ ተቀባይነት አያገኝም።

በወንጀል ጉዳይ ጥንቃቄው ይጨምራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ሕግ በግልጽ በደነገገ ጊዜ ድርጅት በወንጀል እንደሚከሰስ ይናገራል። በግብር ጉዳዮች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ሥራ አስኪያጁም በግሉ 2ኛ ተከሳሽ ሆኖ መቅረቡ የተለመደ ነው። ማኅበሩን የሚጠቅመው መከላከያ ሥራ አስኪያጁን ሊጎዳ፣ እሱን የሚያድነውም ማኅበሩን ሊያስቀጣ ይችላል። ለሁለቱ የተለያየ ጠበቃ ይያዝ፤ ለማኅበሩ የእምነት ክህደት ቃል የሚሰጠውም ከተቻለ በክሱ ያልተጠቀሰ ወኪል ይሁን።

8. ከፍርድ በኋላ

የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ፣ የአሠሪና ሠራተኛው በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። የፍርዱ ግልባጭ ወዲያው ይጠየቅ። ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚደርስ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ የተሰጡት ፍርዶች ወደ አማርኛ መተርጎም ስላለባቸው የትርጉሙ ቀናት ከመነሻው ይታሰቡ።

ለአፈጻጸም ማመልከቻ ውክልናው «ፍርድ እንዲያስፈጽም» የሚል ከሌለው አዲስ ውክልና ይጠየቃል። ክርክሩ ዓመት ፈጅቶ ከሆነ በመካከል የንግድ ፈቃዱ ሳይታደስ፣ ሥራ አስኪያጁም ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የማመልከቻው ቀን ከመድረሱ በፊት ያችን አቃፊ እንደገና ከፍተው በተራ ቁጥር 2 ላይ ያሉትን ሦስት ነገሮች ያመሳክሩ።